ከሚኒስትርነት ወደ በረሃ፤ የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ታሪክ

የታሪክ መምህራችን በዚህ ዓመት ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ሥራ ሰጥተውን ነበር። ይኸውም፣ በመንግሥት ሹመት ላይ ሳለ ወይም ከሹመቱ ወርዶ የሸፈተ አንድ አፍሪካዊ መርጠን ሕይወቱን እንድንጽፍ ነው። አብዛኞቹ ጓደኞቼ ወዲያው ወደ ኮንጎ ገሠገሡ፤ የፒዬር ሙሌሌን ታሪክ መረጡ። እኔም ብሆን መጀመሪያ ያነበብሁት እርሱን ነው። ሙሌሌ እ.ኤ.አ. በ1960 በፓትሪስ ሉሙምባ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ነበር። ሉሙምባ ከተገደለ በኋላ ወደ ቻይና ሄዶ የሽምቅ ውጊያ ተማረና እ.ኤ.አ. በ1964 በትውልድ አገሩ በክዊሉ ዐመፅ አስነሣ። ዐመፁ ሲከሽፍ ወደ ብራዛቪል ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1968 የሞቡቱ መንግሥት ምሕረት ተደርጎልሃልና ወደ አገርህ ግባ ብሎ ጠራው። ሙሌሌም ቃሉን አምኖ ወንዙን ተሻግሮ ኪንሻሳ ገባ። ብዙ ቀን ሳይቆይ በጭካኔ ተገደለ።

ይህን አንብቤ መጽሐፉን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። መንግሥት «ና» ብሎ ሲጠራ መሄድ ነው ወይስ መቅረት? በአገራችንስ እንዲህ ተጠርቶ ያልሄደ ሚኒስትር ነበረን? አዎን ነበረን። እርሳቸውም የሥራና የመገናኛ ሚኒስትር የነበሩት፣ ኋላም የትግራይ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ፣ በመጨረሻም የጦር መሪ ሆነው በረሃ የወረዱት ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው።

አንዳንድ አንባቢ «የቦንጋ ልጅ ስለ ትግራይ መስፍን መጻፉ ምን ይሉታል?» ሊለኝ ይችላል። እኔም መጀመሪያ ለራሴ እንዲሁ ብዬው ነበር። ነገር ግን ታሪኩን ስመረምር ያላሰብሁት መገናኛ አገኘሁ። የከፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ዘጠኝ ወር ያህል ከተዋጋ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ሰሞን ተማርኮ መጀመሪያ የተወሰደው ወደ አንኮበር ነው። ይህን በከፋ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ በ1891 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ላይ አምፀው የተሸነፉ አንድ የትግራይ መስፍን እንዲሁ አንኮበር ታሰሩ፤ በግዞት ሳሉም ሞቱ። እኒህ ሰው ራስ መንገሻ ዮሐንስ ናቸው፤ ለምንጽፍላቸው ለልዑል ራስ መንገሻ አያታቸው ናቸው፤ ስማቸውንም የወረሱት ከእርሳቸው ነው። ስለዚህ የኛ ንጉሥና የእርሳቸው አያት አንድ ተራራ ላይ ታስረዋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ምን አገባህ» የሚለኝ ቢኖር መልስ አለኝ።

ወደ ሕይወታቸው ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። «ሸፈተ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል መንገድ ላይ ቆሞ የነጋዴ አህያ የሚቀማ ወንበዴ ሸፍታ ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ በደል ደረሰብኝ ያለ ባላባት ጫካ ሲገባ ሸፈተ ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ቃሉ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ዘፈን ይወጣለታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ንጉሥ ከመሆናቸው በፊት ካሣ ተብለው በቋራ በረሃ ሸፍተው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተዋል። እንግዲህ ሽፍትነት በአገራችን አንዳንድ ጊዜ የዙፋን ደጅ ነበር ማለት ይቻላል። ልዑል ራስ መንገሻ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸውና ይህ መንገድ በቤታቸው የታወቀ ነበር።

የተወለዱት በ1920 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ ነው። አባታቸው ራስ ሥዩም መንገሻ ይባላሉ። ራስ ሥዩም በጣልያን ወረራ ጊዜ በተምቤን የተዋጉ፣ ኋላ ግን ለጠላት የገቡ፣ ከነፃነትም በኋላ ለጊዜው በአዲስ አበባ እንዲቆዩ ተደርገው ቆይቶ ወደ ትግራይ ገዥነት የተመለሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው በ1941 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታን አገቡ። ልዕልት አይዳ በእንግሊዝ አገር የተማሩ ሲሆኑ፣ የልዕልት ተናኘ ወርቅና ጣልያኖች በየካቲት 1929 ዓ.ም. የገደሏቸው የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ ናቸው። በዚህ ጋብቻ የዐፄ ዮሐንስ ቤትና የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤት ተዛመዱ። ሰርጉ የሁለት ወጣቶች ብቻ እንዳልነበረ ማንም ይረዳል። ሆኖም የዚህ ጋብቻ ዋጋ ኋላ በማን ላይ እንደ ወደቀ ስንደርስበት እናየዋለን።

ከዚህ በኋላ ወጣቱ መስፍን አርሲንና ሲዳሞን ገዙ። የሐዋሳ ከተማ መቈርቈር ከእርሳቸው ስም ጋር የተያያዘ ነው። እኛ የከፋ ሰዎች ሐዋሳን በደንብ እናውቃታለን፤ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ ወላጆቻችን ለአንዲት ማኅተም ሲሉ ፋይላቸውን በፌስታል ይዘው ሁለት ቀን እየተጓዙ ይመላለሱባት ነበር። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ራሷ የክልል መቀመጫ ሆነችና ያ መንከራተት ቀረ። ሐይቁ ዳር ያለችውን ያችን ከተማ ማን እንዳስጀመራት ግን ከሄዱት ሁሉ የነገረኝ የለም።

በ1950 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የሥራና የመገናኛ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያን ዘመን የሚኒስትር ሥራ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ካባ ለብሶ ደጅ የሚጠናውን ሰው ማነጋገር ነበር። እኒህ ሰው ግን መንገድ ይወዱ ነበር። መንገድ መውደድ ምን እንደ ሆነ የሚገባው አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት በሐምሌ ከጅማ ወደ ቦንጋ የተጓዘ ሰው ነው። የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲያድር፣ ቡናው በጆንያ ሆኖ ሲሻግት፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ ያየ ሰው፣ መንገድ የሚሠራን ባለ ሥልጣን ዘሩን አይጠይቅም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ሙከራው ሊከሽፍ ሲል በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች ተረሸኑ። ከሟቾቹ መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ነበሩ። ያ ቤተ መንግሥት ከዚያ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ግቢ ይገኛል። ከእኛ ክፍል አንዳንዶቻችን እግዚአብሔር ቢፈቅድ በዚያ በር እንገባ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ የልዑል ራስ መንገሻን አባት የገደሏቸው በመንግሥት ላይ የተነሡ ሰዎች ናቸው። ልጃቸውም በአባታቸው ምትክ ትግራይን እንዲገዙ ተሾሙ። ከ14 ዓመት በኋላ እርሳቸውም በመንግሥት ላይ ተነሡ። አባቱን በዐመፅ ያጣ ሰው ራሱ ሲያምፅ ሌሊት ምን እያሰበ ያድር ይሆን?

በትግራይ ያሳለፏቸው ዓመታት ከሕይወታቸው ሁሉ እጅግ የሚነገርላቸው ናቸው። ቡልዶዘርና ግሬደር ላይ ራሳቸው ወጥተው እየነዱ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ራስ የሚባል ሰው እጁን ዘይት አስነክቶ ከሠራተኛ ጋር ሲውል ማየት በዚያ ዘመን ለመኳንንቱ አሳፋሪ፣ ለገበሬው ደግሞ ተረት የሚመስል ነገር ነበር። ለእርሻና ለኢንዱስትሪ ልማት የሚሆን ድርጅትም አቋቁመዋል። ይህን ስጽፍ ግን ሁሉ ነገር መልካም ነበር ለማለት አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎንና ትግራይን የመታው ረኃብ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ ግሬደር የተጠረገ መንገድ ሊያወጣ ይችላል፤ የተራበውን ጭሰኛ ከባለ ርስት ዕዳ ግን አያወጣውም። መንገድ የሠራ መስፍንም ቢሆን መስፍን ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሹማምንቱ አንድ በአንድ በሬዲዮ ስማቸው እየተነበበ እጃቸውን እንዲሰጡ ይጠሩ ነበር። ብዙዎቹም የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው በገዛ መኪናቸው ሄደው ገቡ። ይህን ነገር ባነበብሁ ቁጥር እገረማለሁ። ፍርድ ቤት ቀርበን ተከራክረን እንወጣለን ብለው አምነው ይሆናል። ልዑል ራስ መንገሻም ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ታዘዙ። እርሳቸው ግን አልሄዱም። ጥቂት ተከታዮቻቸውን ይዘው ከመቀሌ ወጥተው ወደ ተራራው ገቡ፤ በኋላም ወደ ሱዳን ተሻገሩ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ የልዕልት አይዳ ወንድም ልዑል እስክንድር ደስታ፣ ደግሞም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ገዥ የነበሩት ራስ መስፍን ስለሺ በዚያ ሌሊት ከሞቱት ውስጥ ናቸው። ልዑል ራስ መንገሻ ሄደው ቢሆን ኖሮ ከነዚህ ጋር አይሆኑም ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው አላገኘሁም። እንግዲህ ሙሌሌ ሄዶ ሞተ፤ እርሳቸው ቀርተው ዳኑ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥያቄዬ በተመለሰ ነበር፤ ነገር ግን አላበቃም።

በስደት ከጄኔራል ነጋ ተገኝና ከጄኔራል ኢያሱ መንገሻ ጋር ሆነው በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኢዲዩ የተባለውን የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት መሠረቱ። ጄኔራል ነጋ የቤጌምድር ገዥ የነበሩና የልዕልት አይዳን እኅት ያገቡ ናቸው። ጄኔራል ኢያሱ ደግሞ በለንደን አምባሳደር ነበሩ። ድርጅቱ ዲሞክራሲን እንጂ የድሮውን ሥርዓት አልፈልግም ይል ነበር። ደርግ ግን የባላባቶች ጦር ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ረዷቸው። በ1969 ዓ.ም. ጦሩ ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትባትን ሑመራንና የጠረፍ ከተማዋን መተማን ያዘ፤ ጎንደርም ሰጋች። በመተማ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል። የልጅ ልጃቸው ልጅ በ88 ዓመቱ ያችኑ ከተማ ሊይዝ የመጣው ግን ከሱዳን በኩል ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ፊቱን ያዞራል።

ድሉ ብዙ አልቆየም። ደርግ ገበሬውን ከየክፍለ ሀገሩ አስነሥቶ በአዲስ አበባ አቅራቢያ በታጠቅ ጦር ሰፈር አሠለጠነ። የ1969 ዓ.ም. ክረምት ሳይገፋ ሑመራና መተማ ተመልሰው ተያዙ።

በሰፈራችን ያኔ ከከፋ ወደ ታጠቅ የሄዱ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ለመኑኝ አልጽፍም። ቡና አፍልተን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያኔ ሲጠሩዎት እንደ ራስ መንገሻ እምቢ ማለት አይችሉም ነበር?» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ እርሳቸው እምቢ ሲሉ የሚሸሹበት አገር አላቸው። እኔ እምቢ ብዬ ጎጀብን ልሻገር? ደግሞስ ለምን እምቢ እላለሁ? በ67 መሬት ሰጥተውኛል። አባቴ ቡናውን ለቅሞ ለጌታው ሲሰፍርለት ኖሮ ነው የሞተው። መሬትህን ሊነጥቁህ መስፍኖች መጡ ቢሉኝ ሄድሁ።»

«ታዲያ መስፍኖቹን አገኟቸው?»

«መስፍን አላየሁም። እንደኔ ባዶ እግሩን የሆነ ገበሬ ነው ያየሁት።»

ይህ መልስ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ አስተማረኝ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን ሻረ፤ አንድ ቤተ ሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ እንዲያርስ ፈቀደ። ደርግ ብዙ ደም ያፈሰሰ መንግሥት ነው፤ ከኛም ቤት ያለቀሰ አለ። ቢሆንም በከፋና በደቡብ ሁሉ ያ አዋጅ የወጣበት ቀን የተረሳ አይደለም። ልዑል ራስ መንገሻ በግላቸው መልካም ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ መንገድ ሠርተዋል፤ ነገር ግን ራስ የሚል ማዕርግ የያዘ መሪ «ላድንህ መጣሁ» ሲል የጭሰኛ ልጅ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «መሬቴስ?» ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ኢዲዩ የተሸነፈው ታጠቅ ላይ በሠለጠነው ጦር ብቻ አይደለም፤ በዚህ ጥያቄም ነው።

ሁለተኛው ሽንፈት የመጣው ከገዛ አገራቸው ልጆች ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በደደቢት በረሃ ጥቂት ተማሪዎች የትግራይ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባርን ጀምረው ነበር። ከነዚህም ውስጥ ልዑል ራስ መንገሻ ትግራይን ሲገዙ ያደጉ፣ ጠረጉት በተባለው መንገድ በአውቶቡስ ወደ ትምህርት ቤት የሄዱ ይኖሩባቸዋል። ከደርግም ጋር ከኢዲዩም ጋር ተዋጉ። በሽሬ በኩል ውጊያው እጅግ መራራ ነበር። በመሪዎቹም መካከል አለመስማማት ገባ። በ1971 ዓ.ም. ገደማ ኢዲዩ እንደ ጦር ኃይል ከትግራይ ምድር ጠፋ። መሪው ዳግመኛ ስደተኛ ሆኑ።

አሁን ወደ ጋብቻው ልመለስ። ባል ሲሸፍት ሚስት አልሸፈቱም። ልዕልት አይዳ ከእናታቸው ከልዕልት ተናኘ ወርቅና ከእኅቶቻቸው ጋር በ1967 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በኋላም ዓለም በቃኝ በተባለው ወኅኒ ቤት ተዘጉ። አባታቸው በጣልያን ጥይት ሞተዋል፤ ወንድማቸው በደርግ ጥይት ሞተዋል፤ አያታቸው ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ሞቱ። ባላቸው በበረሃ መንግሥትን እየወጉ ሳለ እርሳቸው በዚያ መንግሥት እጅ ነበሩ። ስለ መተማ መያዝ በወኅኒው ሰምተው ደስ ብሏቸው ይሆን ወይስ ፈርተው? የባል ድል የሚስት ሞት ሊሆን ይችል ነበርና። የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ወደ 14 ዓመት ማለት ነው። እኔ ከተወለድሁ 18 ዓመቴ ነው። ከዕድሜዬ ላይ 14 ዓመት ቀንሼ ሳስበው የሚቀረኝ ገና ፊደል ያልቈጠርሁበት ጊዜ ብቻ ነው። ልዕልት አይዳ በ2005 ዓ.ም. አረፉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያነሣሁትን ጥያቄ አሁን በሌላ መንገድ እጠይቀዋለሁ። ተጠርቶ የቀረ ሰው ራሱን ያድናል፤ ነገር ግን ጠሪው ባዶ እጁን አይመለስም፤ በቤት የቀረውን ይይዛል። ክፍላችን ውስጥ ይህን ስናገር አንዲት ጓደኛዬ «ታዲያ ሁለቱም ይሙቱ ነው የምትለው?» ብላ ተቈጣችኝ። እንዲያ አላልሁም። ነገር ግን ስለ ሸፈተው ሰው አሥር ገጽ ጽፌ ስለ ታሰረችው ሴት ሦስት መስመር ብቻ ማግኘቴ ልክ አልመሰለኝም። በመጻሕፍቱም ያገኘሁት ያንኑ ያህል ነው።

ልዑል ራስ መንገሻ ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የመለሳቸው ለውጥ ሥልጣን ላይ ያወጣው በሽሬ የወጉአቸውን ልጆች መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈው አሳትመዋል፤ ይህም ከብዙዎቹ የዘመናቸው መኳንንት ይለያቸዋል፤ አብዛኞቹ የሚያውቁትን ይዘው መቃብር ወርደዋልና።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ይህን መጽሔት የምታነቡ ወላጆችና አያቶች፣ በ1969 ዓ.ም. ከከፋ ወደ ታጠቅ የሄዳችሁ፣ ወይም ባላችሁንና ወንድማችሁን ሸኝታችሁ የቀራችሁ ብትኖሩ፣ ለታሪክ ክበባችን ብትነግሩን እንጽፈዋለን። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በክፍላችን እንሰበሰባለን። አማርኛ የሚያስቸግራችሁ በከፊኛ ንገሩን፤ የሚተረጉም አናጣም። ቡናውን እኛ እናፈላለን።